አራተኛው ሌንስ

ሰውየው ቦርሳውን አላስቀመጠም።

የትነበርሽ በአዘዞ ገበያ ዳር፣ ጀሪካን ከተደረደረበት ሱቅ ፊት ቆማ ሰዓቷን አየች። ስምንት ከሩብ። ቦርሳው ልክ በስምንት ሰዓት ከጀሪካኖቹ ኋላ መቀመጥ ነበረበት። አምጪው ግን አሥር እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሰማያዊ የምሳ ዕቃ ቦርሳውን በሁለት እጁ ታቅፎ ቆሟል።

ላብ አጥምቆታል።

አንድ ጀሪካን አነሣች። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ሰውየው ዓይኑን ወደ መንገዱ ሰረቅ ሲያደርግ እሷም በጀሪካኑ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። መንገዱ ዳር ባጃጅ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም፤ ግን አይሄድም። ውስጡ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ቀጭን ሰው ተቀምጧል።

ክትትል አለ።

በደንቡ መሠረት ጀሪካኑን አስቀምጣ ወደ ቤቷ መሄድ ነበረባት። ነገር ግን ሦስት ወር ሙሉ የደከመችው ለዚህ ቦርሳ ነው። ጀሪካኑን አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ወደ ሰውየው ሄደች።

«ዛሬም ሳትበላው መለስከው?»

ሰውየው አፉን ከፈተ።

«ከንጋት ጀምሬ ቆሜ የሠራሁትን!» ቦርሳውን ከእጁ መነጨቀችው። «ነገ ራስህ ሠርተህ ትወጣለህ።»

«ሥራ... ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለ ሰውየው ዘግይቶ ገብቶት።

ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ሳቁ። አንዷ «በያቸው እቴ» አለች። የትነበርሽ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እየተነጫነጨች በሴቶቹ መካከል አልፋ ሄደች።

ቀጭኑ ሰው ከባጃጁ ወረደ።

አልሮጠችም። በቤተ ክርስቲያኑ አንደኛው በር ገባች፤ ተሳለመች፤ ከጸሎተኞቹ ጋር ጥቂት ቆመች፤ በሌላኛው በር ወጣች። ባጃጅ ይዛ ፀዳ ወረደች። እዚያ አዳዲስ ቤት በሚሠራባቸው ግቢዎች መካከል፣ በብሎኬትና በአሸዋ ክምር እየታጠፈች ሃያ ደቂቃ ተጓዘች። ዘወር ስትል ማንም የለም።

ስልኳን አውጥታ አጭር መልእክት ጻፈች። «እንቁላሉ ገብቷል።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ነገ ሦስት ሰዓት። ቁስቋም። አለላ።»

አለላ በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አለቃዋ ነው። የእሷ የምስጢር ስም ሰበዝ ነው፤ የዘመቻው ስም ሙዳይ። የትነበርሽ የሚለው መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም በጎንደር ከተማ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ሙዳይ የተጀመረው በጨለማ ሰው የሚያሳዩ መነጽሮች በድንበር በኩል መግባት ሲጀምሩ ነው። ነጋዴዎቹ መነጽሮቹን ፈታትተው ሌንሶቹን ለብቻ ያስገባሉ። ሌንሶቹ ግን የሚደርሱት በአቧራና በመኪና ቅባት ተለውሰው ነው። ገዢ ደግሞ ሳይፈትን አይወስድም። ስለዚህ አጣቢ ያስፈልጋቸዋል፤ የሌንሱን ፊት የሸፈነውን ስስ ልባስ ሳይልጥ፣ ሳይቧጥጥ የሚያጥብ እጅ። ዋኘው የሚባለው የደባርቅ ነጋዴ አጣቢ ሲያፈላልግ የትነበርሽን ጎንደር ውስጥ አንዲት የጥገና ቤት ውስጥ «አገኛት»። እንዲያገኛት ተብሎ ነበር እዚያ የተቀመጠችው። ከዋኘው በላይ ያለውን፣ የዕቃውን ባለቤት ግን እስካሁን ማንም አያውቀውም። ዋኘው ራሱ በስልክ ድምፁን ይሰማል እንጂ ፊቱን አይቶት አያውቅም።

የጥገና ቤቱ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ አያ አድማሴ ይባላሉ። የጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ፣ የቀያሽ መነጽር፣ የዓይን ሐኪም መሣሪያ ሲያጥቡና ሲጠግኑ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ስለ ሰላይም ስለ ኮንትሮባንድም የሚያውቁት ነገር የለም። እሳቸው የሚያውቁት ከዳባት ገጠር የመጣች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሸጋ ልጅ እንደቀጠሩ ነው።

«ስትነፊው ነው ሥራው የሚጀመረው» ብለዋት ነበር በመጀመሪያው ቀን፣ የጎማ መንፊያውን እየሰጧት። «አቧራውን ሳታራግፊ ከጠረግሽው በአሸዋ እየፈተግሽው ነው። ከዚያ የቆሻሻውን ዓይነት እወቂ። ቅባት ነው? አልኮል። ጨው ነው? የተጣራ ውሃ። የቧንቧችንን ውሃ እንዳትነኪ፤ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ሁለቱም ከሆነ ለስላሳ ሳሙና፣ ሁለት ጠብታ ብቻ። ከዚያ ደግሞ የመስታወቱን ዓይነት እወቂ። ሁለት ሌንስ በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ አሴቶን ውስጥ አትንከሪው። ሙጫው ይሟሟና አንድ አስገብተሽ ሁለት ታወጫለሽ።»

«የማላውቀው ሳሙና ቢገጥመኝስ፣ አያ?»

«የማይረባ ዕቃ ላይ ሞክሪዋ! ለዚህ አይደል የተሰበረውን ሁሉ የማጠራቅመው?»

መስታወትን በጠርዙ መያዝ አስተማሯት። ጠርሙስን በክዳኑ፣ ሰሃንን በአፉ ዙሪያ መያዝ ጀመረች። ሳታስበው የቤቷን ብርጭቆ ሁሉ እንዲያ ትይዝ ነበር።

ከአዘዞ በተመለሰችበት ከሰዓት አያ አድማሴ ለሆስፒታሉ የጠገኑትን ሊያደርሱ ወጥተዋል። በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ጓንት አጠለቀች። የምሳ ዕቃው ላይኛው ክፍል ሽሮ ፍትፍት ነው፤ ከሥሩ በፎጣ የተጠቀለሉ ስድስት ሌንሶች። ብርሃን አያሳልፉም። ለዓይን የተወለወለ ብረት ይመስላሉ። የሚያሳልፉት ሙቀት ነው።

አንድ በአንድ በመብራቱ ፊት አጋድማ መረመረቻቸው። አቧራ። የሞተር ዘይት። የደረቀ ጠብታ።

አራተኛው ላይ ቆመች።

ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ሙሉ፣ ጥርት ያለ። በላቡ ውስጥ ያለው ጨው ልባሱን መብላት ጀምሯል። እንዲህ ያለው አሻራ በቀላል ጥረጋ አይለቅም።

መልሳ በወረቀት ጠቀለለችው። ስድስቱንም መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈች። ለማንም አልተናገረችም።

በማግስቱ ቁስቋም ስትደርስ ሰውአገኝ ከግንቡ ፍርስራሽ አጠገብ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አለላ ማለት እሱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች መልምሎ ያሠለጠናት፣ ዘጠኝ ዓመት አለቃ የሆናት ሰው። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠችና የጫማዋን ማሰሪያ ማስተካከል ጀመረች።

«ተከታይ ነበረብኝ» አለች ቀና ሳትል።

«ቀጭን? ጥቁር ጃኬት?»

«አዎ።»

«ምንዳዬ ይባላል። የዋኘው ሰው ነው። ሊፈትሽሽ ነው፤ አያስጨንቅሽ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ርክክቡ ነገ ነው። ደባርቅ፣ ዘጠኝ ሰዓት። የዋኘው የገብስ መጋዘን።»

«ባለቤቱስ?»

«ዕቃው ይለፍ እንጂ ባለቤቱ የትም አይሄድም።» ከኪሱ ቡናማ ጠርሙስ አወጣ። ጽሑፍ የለውም። «በዚህ እጠቢያቸው። ለእንዲህ ዓይነት ሌንስ ተብሎ የተሠራ ሳሙና ነው፤ ከውጭ ነው ያስመጣሁት። በተለይ ያንን አውራ ጣት ያረፈበትን ደህና አድርገሽ ዘፍዝፊው። ምልክት ካዩበት አይቀበሉሽም።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፤ ከመጋዘኑ መስኮት ትይዩ። ነገር ከተበላሸ ነጠላሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ። ወዲያው እገባለሁ።» ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ዘጠኝ ዓመት። አንድ ቀን ጥዬሽ አውቃለሁ?»

«ኧረ በጭራሽ። እርስዎ?»

ፈገግ ብሎ ሄደ። ጠርሙሱን በክዳኑ ይዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቁልቁለቱን አጋምሳ ስትወርድ እግሯ ቆመ።

አውራ ጣት።

ስለ አውራ ጣቱ አልነገረችውም።

መልእክቷ «እንቁላሉ ገብቷል» የሚል ብቻ ነበር። ያንን የላከችው ደግሞ ቦርሳውን ሳትከፍት ነው። አራተኛው ሌንስ ላይ አውራ ጣት እንዳረፈ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነው። ያየችው እሷ። እና ያሳረፈው።

አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ አመመሽ?» አሏት። «የለም፣ እማማ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ጥገና ቤት ስትደርስ አያ አድማሴ አንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ወደ ጓዳው አለፈች። ጓንት አጠለቀች። ከጠርሙሱ በመርፌ ጥቂት ቀድታ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጨመረች። አንዲት ጠብታ አሲድና አልካሊን በቀለም በሚለይ ቀይ ሊትመስ ወረቀት ላይ አሳረፈች።

ወረቀቱ ጥቁር እስኪመስል ድረስ ሰማያዊ ሆነ።

ከተሰበሩት ዕቃዎች ሣጥን ውስጥ የማይክሮስኮፕ መስታወት መዘዘች፤ ፊቱ በስስ አልሙኒየም የተለበጠ ነው። አንድ ጠብታ ጣለችበት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጥቃቅን አረፋ ተነሣ። ደቂቃ ሳይሞላ አልሙኒየሙ የነበረበት ቦታ ባዶ መስታወት ሆነ፤ በሥሩ የጓንቷ ጣት ወለል ብሎ ታየ።

ይህ ሳሙና አይደለም። ልባስ የሚበላ መርዝ ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ቁልጭ አለላት። ሌንሶቹን በዚህ ብታጥባቸው አሻራው ይጠፋል፤ ልባሱም አብሮ ይላጣል። ደባርቅ ላይ ዋኘው ሲፈትናቸው የተበላሸ ዕቃ ያገኛል። ያበላሸችው እሷ ናት። ዋኘው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር በምን እንደሚጨርስ ይታወቃል። ሰውአገኝ በማግስቱ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሰበዝ በግዳጅ ላይ ተሰዋች፤ ባለቤቱ አልተገኘም። ሙዳይ ይዘጋል።

«ሻይ ልበልልሽ ወይ?» አሉ አያ አድማሴ ከውጭ።

«ይቆይልኝ፣ አያ።»

በሥራ ካፖርቷ ገበር ውስጥ የተሰፋ ትንሽ ስልክ ነበራት። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜም አልተከፈተም። ከሰውአገኝ በላይ ያለች አንዲት ሴት ቁጥር በቃሏ ታውቃለች። ሴትየዋን አይታት አታውቅም። ወስፌ ትባላለች።

ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ሆና ደወለች።

«ወስፌን ፈልጌ ነበር።»

የጎልማሳ ሴት ድምፅ መለሰላት። «በዚህ ቁጥር የሚደውል ሰው ወደነበረበት አይመለስም። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ተናገሪ።»

በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

«ጠርሙሱ ላይ የእጁ አሻራ አለ?» አለች ወስፌ።

«በባዶ እጁ ነው የሰጠኝ። እኔ በክዳኑ ነው የያዝኩት።»

«ሌንሱንና ጠርሙሱን አሽጊ። ዛሬውኑ አዘዞ አየር ማረፊያ፣ ዕቃ መላኪያው ጋ ሰላም ለምትባል ልጅ ስጪ። ነገ ደባርቅ ትሄጃለሽ።»

«ስድስት ይቆጥራሉ። አምስት ይዤ ነው የምሄደው?»

«ስድስት አድርጊያቸዋ። በምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ሰዎቼ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይደርሳሉ።»

«ርክክቡ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«ግማሽ ሰዓት አቆዪያቸው» አለች ወስፌ። ስልኩ ተዘጋ።

አራተኛው ሌንስና ቡናማው ጠርሙስ በማይክሮስኮፕ ካርቶን ታሽገው በአሥር ሰዓት አየር ማረፊያ ደረሱ። አምስቱን ሌንሶች ግን እንደሚገባ አጠበቻቸው። ነፋቻቸው። ለብ ያለ የተጣራ ውሃ ውስጥ ሁለት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና አንጠባጥባ ነከረቻቸው። በንጹሕ ውሃ አለቀለቀቻቸው። የሌንስ ወረቀት ፊታቸው ላይ አንጥፋ፣ አልኮል ጠብ አድርጋ፣ ወረቀቱን አንዴ ብቻ ስባ ጣለችው። አዲስ ወረቀት። እንደገና አንዴ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ስለ ሰውአገኝ አላሰበችም። የሚያሳስባት እጇ ብቻ ነበር።

ስድስተኛው ቀረ።

ያንን የሚመስል ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። አያ አድማሴ በወጣትነታቸው፣ መስታወትን በመስታወት እየፈተጉ በአራት ወር የሠሩት ክብ መስታወት ነው። መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ ፊቱ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ፣ መጠኑም ልክ። መደርደሪያው ላይ በብርጭቆ ክዳን ሥር ነው የሚቀመጠው። ሌላ ሰው አይነካውም። ያጠቡትን ሌንስ ሁሉ የሚፈትኑት በእሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አያ አድማሴ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ ክዳኑን አነሣች።

ሊመለሱ አንድ ሰዓት ይቀራቸዋል ብላ ነበር።

በሩ ተከፈተ።

አያ አድማሴ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን የምሳ ዕቃ አዩ። የማያውቋቸውን አምስት ሌንሶች አዩ። እጇ ላይ ያለውን አዩ።

«ምነው፣ የትነበርሽ?»

ያዘጋጀችው ውሸት ሦስት ነበር፤ አንዱም ከአፏ አልወጣ አለ።

«አያ... ይለፉኝ።»

«ምን አጎደልኩብሽ?»

«ምንም። ምንም አላጎደሉብኝም።»

ጮኸው ሰው ሊጠሩ ይችሉ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመው ሊያግዷት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጠረጴዛው ቀረቡና ከመሳቢያው የሌንስ ወረቀት አወጡ።

«እንዲሁ ከምሳ ዕቃው ብረት ጋር ልታደርጊው ነው?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ይቧጠጣል እኮ።»

መስታወቱን ከእጇ ተቀብለው፣ በጠርዙ ይዘው፣ በሁለት ድርብ ወረቀት ጠቀለሉት። በምሳ ዕቃው ውስጥ ራሳቸው አስቀመጡት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀመጡ።

ወጣች። መናኸሪያ እስክትደርስ ድረስ ዓይኗን አልጠረገችም፤ የሚያለቅስ ሰው ሰው ያስታውሰዋል።

አምባ ጊዮርጊስ ኬላ ላይ ፖሊስ ምሳ ዕቃዋን ከፈተ። ከላይ ያለው ቆሎ ነው። አንድ እፍኝ ዘግኖ «እለፊ» አለ። ከዳባት በኋላ ነፋሱ በረታ። የገብሱ ማሳ ቢጫ ለብሷል። ደባርቅ ስትወርድ ሰዓቱ ስምንት ከሃምሳ ነበር።

ከመጋዘኑ ማዶ ነጭ ፒክአፕ ቆማለች። ከመሪው ኋላ ኮፍያ የደፋ ሰው አለ። ሰውአገኝ። እንደ ቃሉ፣ ከመስኮቱ ትይዩ።

ዋኘው ወፍራም፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። ወንበር ሳበላት። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ ሌንስ የወለቀበት መነጽርና ትንሽ ስክሪን አለ። ምንዳዬ በሩን ዘግቶ ግድግዳው ጥግ ቆመ።

«እንጀምር» አለ ዋኘው።

«ጥቂት እንቆይ» አለች። «ሌንሱ ከብርድ ነው የመጣው። አሁን ከከፈትኩት ጤዛ ይይዛል። ጤዛው ከአቧራ ጋር ሲደርቅ እንደገና ልናጥብ ነው።»

ዋኘው ሰዓቱን አየ። «ምን ያህል?»

«አሥር ደቂቃ።»

አሥር ደቂቃ ሰጣት። ከዚያ እያንዳንዱን ሌንስ ለማውጣት ጓንት ቀየረች። እያንዳንዱን ነፋች። ዋኘው የመጀመሪያውን ገጥሞ ወደ ምንዳዬ አዞረው። ስክሪኑ ላይ ምንዳዬ ነጭ ሆኖ ታየ፤ የጃኬቱ ዚፕ ሳይቀር።

«ግሩም ነው» አለ ዋኘው።

ሁለተኛው ነጭ። ሦስተኛው ነጭ። አራተኛው፣ አምስተኛው። ዘጠኝ ከሃያ ሁለት።

ስድስተኛውን አወጣች።

ዋኘው ገጠመው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። አዞረው። ጥቁር። ፈታው፣ አገላበጠው፤ ዓይኑ ጠበበ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስድስተኛው ነው።»

ከእጁ ለቀቀው። መስታወቱ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተሰበረ። የትነበርሽ ወደ ስባሪው አላየችም።

ምንዳዬ የበሩን መወርወሪያ ዘጋ። ከጃኬቱ ሥር ሽጉጥ አወጣ።

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

መስኮቱ ፊት ለፊቷ ነው። ፒክአፗ አልተንቀሳቀሰችም። በሯ አልተከፈተም። ሰውየው እንደተቀመጠ ያያታል።

አልመጣም።

እንደማይመጣ ታውቅ ነበር።

ዋኘው ለባለቤቱ ደወለ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ማዶ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው እጁን ወደ ጆሮው አነሣ።

«አንዱ የተበላሸ ነው» አለ ዋኘው።

«ልጅቷ ናት» አለ የስልኩ ድምፅ። ዘጠኝ ዓመት የምታውቀው ድምፅ ነው። «ሆን ብላ ነው። የምታደርገውን አድርግ።»

ምንዳዬ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ዋኘው» አለች ቀስ ብላ። «ባለቤቱን አይተኸው ታውቃለህ?»

«ምን አገባሽ?»

«በመስኮቱ እይ። ነጩ መኪና። ስልክህን ዝጋው።»

ዋኘው ሳይወድ ዘጋው። ማዶ ያለው ሰው እጁን አወረደ።

«አሁን ደግመህ ደውል።»

ደወለ። ሰውየው እጁን አነሣ።

ዋኘው ፊቱ ላይ የነበረው ልስላሴ ጠፋ። ስልኩን ሳይናገርበት ዘጋው።

«ሌንሱን እጠቢበት ብሎ የሰጠኝ እሱ ነው» አለች። ብልቃጧን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ባለው የአልሙኒየም ኩባያ ውስጥ ገለበጠችው። ኩባያው ውስጥ ፈሳሹ መፍላት ጀመረ፤ ነጭ አረፋ ተነሣ። «ስድስቱንም በዚህ ባጥብ ኖሮ ስድስቱም አይሠሩም ነበር። እኔን አንተ ትገድለኛለህ። አንተን እሱ ያስይዝሃል። ከዚያ እሱን የሚያውቅ ማን ይቀራል?»

ዋኘው አረፋውን አየ። መኪናውን አየ።

«ምንዳዬ፣ በሩን ክፈት።»

ሁለቱ ወጡ። ሰውአገኝ ሲያያቸው ሞተሩን አስነሣ። ፒክአፗ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ገብስ የጫነ መኪና ከመታጠፊያው ወጥቶ መንገዱን ዘጋው። ከጆንያዎቹ መካከል የወስፌ ሰዎች ዘለሉ። ምንዳዬ ሽጉጡን ሊያነሣ ሲል ሦስት ሰዎች መሬት ላይ ደፉት። ዋኘው እጁን ዘርግቶ ቆመ።

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን አንድ ደቂቃ ይቀረዋል።

ሰውአገኝን እጁን በካቴና አስረው ሲያሳልፉት አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ኮፍያው ወድቋል። ድንገት ያረጀ መሰላት።

«በምን አወቅሽ?»

«ስለ አውራ ጣቱ ማን ነገረህ?» አለችው።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። አጎነበሰ። ወሰዱት።

አሥራ አንድ ቀን ጎንደር ውስጥ አንድ ቤት ተዘግቶባት ቃሏን ሰጠች። የጠርሙሱና የሌንሱ አሻራ አንድ ሆኖ ተገኘ። በድንበር በኩል የሚገባው ዕቃ ተቋረጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወስፌ ራሷ መጣች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ አነስ ያለች፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የምትመስል ሴት። አዲስ መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አያ አድማሴስ?» አለች ሰበዝ።

«ፖሊስ ቤታቸውን አሽጎ ይዟቸው ነበር። ዕቃው እዚያ ስለታጠበ። ትናንት ተለቀዋል።»

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ታሰሩ?»

«አዎ።»

«አንድ ሰው ይላኩልኝ። ሌባ እንዳልነበርኩ ብቻ ይንገራቸው። ሌላ ምንም።»

ወስፌ መነጽሯን አወለቀች። «የዋኘው ወንድሞች እያፈላለጉሽ ነው። ሰውየውን አንዴ እስር ቤት፣ አንዴ ትናንት ማታ ጠይቀዋቸዋል። ሁለቱንም ጊዜ ሰርቃኝ ጠፋች ነው ያሏቸው። የምር ስለሆነባቸው አምነዋቸዋል። ያ ነው ሰውየውን በሕይወት ያቆያቸው።» መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። «እውነቱን ብነግራቸው መዋሸት ይችላሉ ብለሽ ታስቢያለሽ?»

አሰበችው። አይችሉም።

መታወቂያውን አነሣች። ስሙን አንዴ አነበበችው፤ በሁለተኛው ጊዜ የራሷ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ሻርፕ ተከናንባ ወደ አየር ማረፊያ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጠች። ጥገና ቤቱ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ቆመ። በሩ ክፍት ነው። አያ አድማሴ የፖሊስ ማሸጊያ የተለጠፈበትን መስኮት በእርጥብ ጨርቅ እያራሱ፣ ወረቀቱን በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ይልጡታል። ክስት ብለዋል። አጠገባቸው የመጣች አንዲት ነርስ የተሰበረ ነገር ይዛ ታነጋግራቸዋለች። ጨርቁን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ካፖርታቸው ላይ አድርቀው ተቀበሏት።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

መለስ ብሎ ተሳፋሪዎቹን አየ። እሷንም አየ።

«የለም» አለች።

ረዳቱ በሩን ሳበ። መኪናው ወደ አዘዞ ቁልቁል ወረደ።